ዶሮዎቻችሁ የሚያድሩት እንቁላል መጣያቸው ውስጥ ነው? «ቆጣቸው የታለ?»

ሰሚት አካባቢ ግቢ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ጓደኛችን 12 ሳሶ ዶሮዎች አሏት። ከቆርቆሮና ከወንፊት ሽቦ የተሠራ ቤት አላቸው፣ መኖ አይጎድልባቸውም፣ እንቁላሉም እየመጣ ነው። አንድ ቀን ግን እንቁላል የሚረከባት የሰፈር ሱቅ 30 እንቁላል የያዘውን ካርቶን እንዳለ መለሰላት። «እህቴ፣ ኩስ የነካው እንቁላል ሰው አይገዛኝም» አላት። በማግስቱ አጥባ ወሰደች፣ ተቀበላት። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «ያንቺ እንቁላል ቶሎ ይበላሻል» የሚል ስሞታ መጣ።

እንቁላል ዛሬ ስንት እንደገባ ለናንተ መንገር አይጠበቅብንም። 30 እንቁላል ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

አንድ ማታ 2 ሰዓት ላይ የስልካችንን መብራት አብርተን ገባን። ሦስት የእንቁላል መጣያ ሳጥኖች አሉ። አንዱ ውስጥ ሦስት ዶሮ፣ ሌላው ውስጥ ሦስት፣ ሦስተኛው ውስጥ ሁለት ተጠቅጥቀው ተኝተዋል። የቀሩት አራቱ ሳጥኖቹ አናት ላይ ሰፍረዋል። ጠዋት እንቁላል የሚጣልበት ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሆኖ ያድራል ማለት ነው።

እኛ ስለ ጉዝጓዝና ስለ መኖ ስንከራከር፣ ያን ሰሞን ለህክምና ከደብረ ማርቆስ የመጡት አያቷ በር ላይ ቆመው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ቆጣቸው የታለ?»

ቆጥ አልነበረም። ማንም አላሰበውም።

ከተማ ላደግነው «ቆጥ» የሚለውን ቃል የምናውቀው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ከሚለው ተረት ነው። ገጠር ግን ቆጥ እውነተኛ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ ከእንጨት የሚሠራ መደብ ወይም ርብራብ ሲሆን ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ዶሮም ታድርበታለች። ሲመሽ ማንም ሳይነዳቸው ተራ በተራ ይወጣሉ። እንቁላል የሚጥሉት ደግሞ ታች ጥግ ላይ፣ ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ጉድጓድ ነገር ውስጥ ነው። ማደሪያ ላይ፣ መጣያ ታች። አያትየው ያዩት ስህተት ይሄው ነበር።

ታዲያ ዶሮ ለምን ከፍታ ትፈልጋለች? የቤት ዶሮ የመጣችው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ ነው፤ ያቺ ደግሞ አውሬ ፈርታ ዛፍ ላይ ነው የምታድረው። ወደኛ አገር ከገባች ቆይታለች፤ ትግራይ ውስጥ መዝበር በሚባል ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከ2,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ከሰው ጋር ኖራም የማታ ጸባይዋ አልተለወጠም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ ትፈልጋለች። ከፍ ያለው ነገር የእንቁላል ሳጥኑ ከሆነ እዚያ ትወጣለች። ምንም ከፍታ ከሌለ ደግሞ ጥግ ያለው፣ ጨለም ያለው፣ ነፋስ የማይነካው ቦታ ትገባለች። ያም ያው ሳጥኑ ነው።

በኛ ሰፈር ችግሩን የሚያብሰው ሌላም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ከተጀመረ ወዲህ ቦሌ አራብሳ በሉት፣ ጎሮ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ዶሮ የማይጮህበት ግቢ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ሳሶና ቦቫንስ ናቸው፤ የተፈለፈሉት በማሽን ነው፣ ከዚያ አሳዳጊ ጋ ወለል ላይ ከርመው ወር ተኩል ሁለት ወር ሲሆናቸው ለኛ ይሸጣሉ። የሀበሻ ጫጩት እናቷን ተከትላ ቆጥ መውጣት ትማራለች። እነዚህኞቹን ማን ያስተምራቸው? በጫጩትነቷ እንጨት ላይ ያልወጣች ዶሮ አድጋም ለመውጣት ትቸገራለች። ስለዚህ ዶሮዋ ባለጌ ሆና አይደለም፣ አልተማረችም።

አንዳንዱ ሰው «ይደሩበት፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። አንድ ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ኩስ ትጥላለች፣ ጥሩ ድርሻውን ሌሊት ባደረችበት ቦታ። የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ ግድግዳ ይመስላል እንጂ ከ7,000 በላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ዶሮዋ ስትጥለው እርጥብ ሽፋን ለብሶ ይወጣል፤ ሽፋኑ ወዲያው ይደርቅና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ስናጥበው ያንን ሽፋን ነው የምናነሳው። በቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ይብሳል፤ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ውሃ በቀዳዳዎቹ ይስባል። ሳልሞኔላን የመሰለ ባክቴሪያ የሚገባው እንዲህ ነው። የጓደኛችን እንቁላል ቶሎ መበላሸት ምስጢሩ መታጠቡ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የሚቀርብ እንቁላል በፋብሪካ ይታጠባል፣ ግን ከዚያ በኋላ እስከ ሱቅ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በተቃራኒው ደረጃ አንድ እንቁላል እንዳይታጠብ ይከለክላል። የኛ ሱቅ እንቁላሉን ባንኮኒ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ ለኛ የሚሻለው አለማጠብ ነው። ትንሽ የነካውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጉት። በደንብ የቆሸሸውን ለሽያጭ አታቅርቡ፤ እቤት በደንብ አብስላችሁ ብሉት።

ወደ መፍትሔው እንግባ። ገንዘብ የሚጠይቀው ትንሽ ነው፣ የሚጠይቀው ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ቆጡ

ግንባታ በማይጠፋበት በዚህ ሰፈር የሞራሌ ቁራጭ ወይም የአጠና ትርፍራፊ አይጠፋም። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይሁን። የመጥረጊያ እንጨት ይቀጥናል። ብረት አይሆንም፤ ያንሸራትታል፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ደግሞ እንደ በረዶ ነው። የፕላስቲክ ቧንቧም ያንሸራትታል። ሞራሌ ከሆነ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ላይ ይሁን፣ ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿን በሆዷ ላባ እንድትሸፍን። አጠና ከሆነ ቅርፊቱን ላጡት። ቅርፊት ሥር ምን እንደሚደበቅ በኋላ እንነግራችኋለን።

ርዝመቱን በስንዝር ለኩት። ለአንድ ዶሮ አንድ ስንዝር፣ ማለትም ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር። ለ12 ዶሮ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ባለ 1 ሜትር ተኩል እንጨት ይበቃል። በሁለቱ መካከልም ሆነ ከግድግዳው 30 ሴንቲሜትር ያህል ተዉ። ብዙ ሰው እንደ መሰላል አንዱን ከአንዱ ከፍ አድርጎ ይሠራል። እኛ እኩል ከፍታ ላይ ብታደርጓቸው ይሻላል እንላለን፤ ምክንያቱም ሁሉም ላይኛውን ስለሚፈልጉ ጉልበተኞቹ ይይዙትና ደካማዎቹ ተባረው ተመልሰው ሳጥን ውስጥ ይገባሉ።

ከፍታው ስንት ይሁን? ለሀበሻ ዶሮና ለቦቫንስ 80 ወይም 90 ሴንቲሜትር ችግር የለውም። ሳሶ ከባድ ናት፤ ከዚያ ላይ ስትዘል እግሯን ልትጎዳ ትችላለች። ለሷ 50 ወይም 60 ይበቃል፤ መሃል ላይ መወጣጫ የሚሆን ድንጋይ ወይም ብሎኬት አስቀምጡላት።

እዚህ ጋ ግን ዋናው ነገር ቁጥሩ አይደለም፤ ቆጡ ከእንቁላል ሳጥኑ ከፍ ማለቱ ነው። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የምታረቡ «ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ከየት አምጥቼ ከፍ ላድርገው?» ትላላችሁ። ቆጡን ከፍ ማድረግ ካልቻላችሁ ሳጥኑን አውርዱት። ወለል ላይ ቢቀመጥ ዶሮዋ ቅር አይላትም፤ ድሮም ታች ነው የምትጥለው። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ ጓደኛችንም ቤት መጀመሪያ ያደረግነው እሱን ነው። ሳጥኖቹ ከመሬት አንድ ሜትር ላይ ተሰቅለው ነበር፤ እንቁላሉን ጎንበስ ሳትል ለማውጣት እንዲመቻት ብላ።

(በነገራችን ላይ ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆናችሁ ሽታውና ጩኸቱ የጎረቤት ጉዳይ ስለሆነ የብሎኩን ኮሚቴ ቀድማችሁ አነጋግሩ። ከሠራችሁ በኋላ አፍርሱ ከመባል ይሻላል።)

ሳጥኑ መኝታ እንዳይሆን

ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ መጣያ ይበቃል። መጠኑ በሁሉም በኩል 30 ሴንቲሜትር፣ ለሳሶ 35። ትልቅ ሳጥን ከሠራችሁ ለሦስት የሚበቃ አልጋ ሠራችሁ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ የዘይት ጀሪካን ጎኑን ቆርጦ ማስተኛትም ይቻላል፤ ለሀበሻና ለቦቫንስ ይሆናል፣ ትልልቅ ሳሶ ግን ይጠብባታል። የተቆረጠውን ጠርዝ በእሳት ወይም በፕላስተር አለስልሱት።

የሳጥኑ አናት ጠፍጣፋ ከሆነ ሌላ ቆጥ ነው። አንድ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ወይም ቆርቆሮ ከግድግዳው ጋር አጋድማችሁ እንደ ቤት ጣሪያ አሹሉት። ሲወጡ ይንሸራተታሉ፣ ሁለት ሦስቴ ሞክረው ይተዉታል።

ውስጡ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፍ። ከፈርኒቸር ቤት ስትወስዱ ግን የእንጨት ፍቅፋቂውን እንጂ የኤምዲኤፉን ዱቄት አትውሰዱ፤ ብናኙ ለሳንባቸው ጥሩ አይደለም።

አሁን ዋናው ሥራ። ሳጥኑን ማታ ማታ መዝጋት። ካርቶን ይሁን ኮምፔርሳቶ ይሁን፣ አፉ ላይ ድቅን የሚል ነገር ይበቃል። ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሰለቸው፤ «ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቼ ልክፈት እንዴ?» ይላል። አይ። ዶሮ በጨለማ ዳፍንት እንዳለበት ሰው ናት፤ አንዴ ከሰፈረች እስኪነጋ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ስለዚህ 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ዝጉት፤ አብዛኞቹ እንቁላል የሚጥሉት ጠዋት ስለሆነ በዚያ ሰዓት ጨርሰዋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሲያንቀላፉ ሄዳችሁ ክፈቱትና ተኙ። ስልካችሁ ላይ ሁለት አላርም ሙሉ፣ አለቀ።

የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ሳጥኑ ሲዘጋባቸው በሩ ሥር ወይም ጥግ ላይ ይከማቻሉ። ጨለም ሲል ገብታችሁ አንድ በአንድ አንስታችሁ ቆጡ ላይ አስቀምጧቸው። ደረታቸውን በመዳፋችሁ ደግፋችሁ፣ እግራቸው እንጨቱን እስኪይዝ ጠብቁ። አትሩጡ፣ አትጩሁ። ስለማያዩ እዚያው ያድራሉ። በጠዋት ብርሃን የሚያገኛቸው ቆጥ ላይ ይሆናል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሳቸው መውጣት ይጀምራሉ። አንዳንዷ በሦስት ቀን፣ አንዳንዷ በሁለት ሳምንት። አንድ ቀን ዘለን ነበር እኛ፣ ቅዳሜ ማታ። እሁድ ጠዋት አምስቱ ሳጥን ውስጥ ነበሩ።

አምፖል ለምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። እስከ ማታ 3 ሰዓት አብርታችሁ ድንገት ስታጠፉት፣ ወይም መብራት ራሱ እንደ ልማዱ ድርግም ሲል፣ ዶሮዎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ወደ ቆጥ ለመውጣት ቀስ ብሎ የሚመሽ ብርሃን ይፈልጋሉ። ቤቱ ትንሽ መስኮት ይኑረውና ማታ በፀሐዩ ይምሽላቸው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ ይሄን ልማድ ክረምት ከበጋ ማስያዝ ይቻላል።

ገና እንቁላል ያልጀመሩ ቄቦች ካሏችሁ እድለኞች ናችሁ። ሳጥኑን ጭራሽ ዝጉት። አራት ወር አልፏቸው ለመጣል ሲቃረቡ፣ ጉትያቸው ሲቀላ፣ ያኔ ክፈቱላቸው። ቀድመው ቆጥ ስለለመዱ ሳጥኑን መኝታ አያደርጉትም። ውስጡ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ጣል አድርጉ፤ እናቶቻችን አንድ እንቁላል የሚተዉት ለዚሁ ነው፣ «እዚህ ነው የሚጣለው» ለማለት።

ሁሉንም አድርገን እምቢ ካሉስ?

ያኔ ቆጡን እንጂ ዶሮዋን አትጠርጥሩ። በስልክ መብራት ማታ ገብታችሁ በነጭ ሶፍት የእንጨቱን ሥርና መገጣጠሚያውን ጥረጉ። ሶፍቱ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ ቅንቅን ነው። ቀን ቀን በቅርፊትና በስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ደማቸውን ይመጣል። ማን እንዲህ ያለ አልጋ ላይ ይተኛል? እንጨቱን አውጥታችሁ የፈላ ውሃ መገጣጠሚያው ሁሉ ላይ አፍስሱበት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ በሳምንቱ ድገሙት። ለዶሮዎቹ ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ የተቀላቀለበት መታጠቢያ አዘጋጁላቸው። የበረሮ መርዝ ግን እንዳትነፉባቸው፤ እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ወደናንተ ይመለሳል። ከበረታ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ አያትና አራብሳ ያለው ሜዳም ሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያድርበት ያውቀዋል። የዶሮ ቤቱ አራቱም ጎን ወንፊት ከሆነና ቆጡ ላይ ነፋስ የሚያልፍ ከሆነ ሳጥን ውስጥ መግባታቸው ብልህነት ነው። ቆጡ ባለበት በኩል ማዳበሪያ ወይም ላስቲክ ጋርዱ፤ ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ግን አየር መውጫ ተዉ፤ ሙሉ በሙሉ ከታፈነ የኩሱ ሽታ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ያቃጥላል።

ቀን ከሌት ከሳጥኑ የማትወጣ፣ ስትነኳት የምትነፋና የምትነክስ ካለች ደግሞ እሷ ተኝታ ሳይሆን ታቅፋ ነው። ሳሶና ቦቫንስ ላይ ብዙም አይታይም፣ የሀበሻ ዶሮ ግን ትወደዋለች። ጫጩት ከፈለጋችሁ እንቁላል አስቀምጡላትና 21 ቀን ተዋት። ካልፈለጋችሁ ሥሩ ወንፊት በሆነ ኬጅ ውስጥ፣ ጉዝጓዝ ሳይኖር፣ ከመኖና ከውሃ ጋር ሦስት አራት ቀን አቆዩዋት፤ ሆዷ ሥር አየር ሲገባ ትተወዋለች። ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ውሃ ውስጥ መንከር የቆየ ልማድ ነው፤ እናውቀዋለን፣ ግን ይቅር። ላባ የምትቀይር ወይም እግሯን ያመማትም ዶሮ ከቆጥ ልትቀር ትችላለች። እሷን ለጊዜው አታስገድዷት።

እዚሁ ጉርድ ሾላ ግቢው ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ ከ10 ዓመት ገደማ በፊት በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተለያዩ ዝርያዎችን በገበሬዎች ቤት የሞከረ ፕሮጀክት ሲመራ ነበር። ሳሶው፣ ኩሮይለሩ፣ የኛው ሆሮ ተፈትነዋል። ስለ ዝርያ ብዙ እናወራለን እኛም፤ «የትኛዋ ብዙ ትጥላለች» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። የማደሪያዋን ነገር የሚያነሳ ግን አናገኝም፤ ብዙ የምትጥለውም ዶሮ እንቁላሏ ኩስ ከነካው ሱቁ ይመልሰዋል።

ጓደኛችን ቤት ምን ሆነ? ሳጥኖቹን ወለል ላይ አወረድን፣ ከጎረቤት ግንባታ በተለመነ ሞራሌ ሁለት ቆጥ በ60 ሴንቲሜትር ሠራን፣ ሥሩ ማዳበሪያ ዘረጋን። ጠዋት ማዳበሪያውን ጠቅልላ ኩሱን ጓሮ ትከምረዋለች፤ ሲበሰብስ ለጎመኗ ነው። ትኩሱን አታድርጉ፣ ሥሩን ያቃጥለዋል። በዘጠነኛው ቀን አሥሩ በራሳቸው ወጡ። አሥራ አንደኛዋን አንዷ ጉልበተኛ እየነከሰች ስታወርዳት አየን፤ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል በዚያው ከፍታ አጭር እንጨት ስንጨምር እዚያ ሄዳ ሰፈረች።

የቀረችው አንዲት ወፍራም ዶሮ ናት፤ አንድ እግሯ ድሮም ያነክሳል። ለሷ ጥግ ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን፣ ጭድ አልብሰን ሰጠናት። ሱቁ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እንደገና እየተረከበ ነው፣ ሳይታጠብ።